የድንጋይ ራጅ

ባለፈው ጥር ከደረጃ ላይ ተንሸራትቼ የግራ እጄ አንጓ ተሰነጠቀ። ራጅ ክፍል ውስጥ የነበረው ልጅ እጄን ሰሌዳው ላይ አስተካክሎ ካስቀመጠ በኋላ፣ ዝምታው ከብዶት ይሁን ለጨዋነት፣ "እማማ፣ ሥራዎ ምን ነበር?" አለኝ።

"እኔም የራጅ ሠራተኛ ነበርኩ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "የትኛው ሆስፒታል?"

"ሆስፒታል አይደለም። የድንጋይ ራጅ ነው።"

የቀለድኩበት መስሎት ሳቀና፣ "አይንቀሳቀሱ" ብሎ ከመስታወቱ ጀርባ ሄደ።

አልቀለድኩበትም። ከሥራ ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍኩት ድንጋይና አፈር እየፈጨሁ፣ ዱቄቱን በመጭመቂያ እንደ ትንሽ ቂጣ እየጠፈጠፍኩ፣ ኤክስሬይ እያሳረፍኩበት በውስጡ ምን እንዳለ በማንበብ ነው። ብረቱን፣ ዚንኩን፣ እርሳሱን፤ ከአንድ ጆንያ አፈር ውስጥ ከቁንጥጫ የማይበልጠውን ጭምር መሣሪያው ለይቶ ያወጣዋል። ስሙ ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ስፔክትሮሜትር ነው። ይህን ስም ሙሉውን ጠርቶ የሚጨርስ ሰው ከላቦራቶሪ ውጭ አጋጥሞኝ አያውቅም። "የድንጋይ ራጅ" ያሉት በወልዲያና በቆቦ መካከል ያለችው የሮቢት ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ስሙን ያወጡለትም መሣሪያው ገና ከነሣጥኑ መንገድ ላይ ሳለ ነው።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። በኬሚስትሪ ተመርቄ መቀሌ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። የመጀመሪያው ስፔክትሮሜትር ተገዝቶ አዲስ አበባ ጉምሩክ ሲደርስ፣ ተረክቦ የሚያመጣ ሰው ተፈለገ፤ ባልም ልጅም የሌለኝ እኔ ተላክሁ። አለቃችን ቁጡ፣ ግን ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ ከመነሣቴ በፊት በስልክ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ከሣጥኑ እንዳትለዪ። ስትበዪም፣ ስትተኚም። ጨረሩ የሚወጣበት መስኮት ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ ከተሰበረ ዕቃው ሁሉ ሬሳ ነው።" በሣጥኑ ጎን ላይ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ምልክት ተለጥፋ ነበር። ሣጥኑ ከተመታ ወይም ካዘነበለ ወደ ቀይ ትለወጣለች። በየማረፊያው እየወረድኩ እሷን ማየት ሥራዬ ሆነ።

ሾፌሩ ጋሼ ደርቤ የደሴ ሰው ነው። ያን መንገድ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለተመላለሰበት በየከተማው የሚያውቀው ሻይ ቤት፣ በየሻይ ቤቱ የሚያውቀው ጨዋታ አለው። አይሱዙዋን እንደ በቅሎ ያናግራታል። "ቀስ በይ እመቤት፣ ጉድጓድ ነው" ይላታል። ለመኪናዋ የሚናገረው ለእኔ ከሚናገረው ይበልጥ ነበር።

ጥቅምት ነበር። ወልዲያን ለቅቀን ወደ ቆላው ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ። ጎብዬን ስናልፍ ደግሞ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። በግራም በቀኝም ማሽላ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ፣ ራሱ ከብዶት ያቀረቀረ፣ እስከ ተራራው ግርጌ የተዘረጋ። ከማሽላው በላይ በየቦታው ከእንጨት የተሠሩ ማማዎች ቆመዋል። በየማማው ላይ አንድ ሰው ወንጭፍ ያሽከረክራል። ደገኛ ነኝና እንደዚያ ያለ የወፍ መንጋ አይቼ አላውቅም ነበር። ግሪሳ ይሉታል። ከአንዱ ማሳ ሲነሣ እንደ ጭስ ይነሣል፣ ይታጠፋል፣ ሌላው ማሳ ላይ ይወርዳል። ወንጭፉ ጧ ሲል ደግሞ ይነሣል። አንድ ቀን ጠባቂ ያጣ ማሳ ማታ አገዳ ብቻ ይቀራል ይባላል። ሰው የዓመት እንጀራውን ከወፍ አፍ እየነጠቀ የሚበላበት አገር ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወጣት ስለነበርኩ ያሰብኩት ነገር ትልቅ መሰለኝ።

ሮቢት መግቢያ ላይ ጎርፍ የበላው አስፋልት ነበር። ጋሼ ደርቤ "ቀስ በይ እመቤት" ብሎ ሳይጨርስ ከበታቻችን እንደ ጥይት የሚጮኽ ነገር ሰማን። መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዝቅ አለች። የመኪናዋን ጀርባ የሚሸከመው ብረት፣ ባሌስትራው፣ ተሰብሯል። እየተንፏቀቅን ከተማዋ ውስጥ ገብተን መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት አጠገብ ቆምን።

ባለ ሻይ ቤቷ ደልደል ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። የማሽላ እንጀራ በምስር አቀረበችልን፤ ቀጥላም ፍም ላይ የተጠበሰ የማሽላ እሸት በሰፌድ አመጣች። እሸቱ ከመዳፍ ውስጥ ሲታሽ ይፈለፈላል፤ ትኩስ ነው፣ ወተት ወተት ይላል። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ በልቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን አልጣፈጠኝም። ሴትየዋ ወደ መኪናው እያየች፣ "ይሄን የሚያህል ሣጥን ምን ጭናችሁ ነው?" አለች።

ጋሼ ደርቤ አፉ ሙሉ ነበር። "ራጅ ነው" አላት። ጥያቄው እንዲያልቅለት ብቻ ነው ያላት። ጉርሻውን ውጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ በሚያልፍ መኪና ተሳፍሮ ባሌስትራ ፍለጋ ቆቦ ሄደ።

ያቺ አንዲት ቃል ከሻይ ቤቱ ወጥታ፣ በጉሊት አልፋ፣ ማሳው ውስጥ ገብታ ለመዞር ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። ቀትር ላይ ጋሼ ደርቤ ከነባሌስትራውና ከአንድ መካኒክ ጋር ተመለሰ። መካኒኩ መኪናዋ በክሪክ ከመነሣቷ በፊት ሣጥኑ መውረድ አለበት አለ። እኔ አይወርድም አልኩ። ስንከራከር አንድ ጋሪ መጥቶ ከአጠገባችን ቆመ።

ከጋሪው የወረዱት ሽርጥ የታጠቁ፣ ረጅም ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። በኋላ እንደነገሩኝ አያ ይማም ይባላሉ። ጋሪው ላይ ልጃቸው ዘሀራ ተቀምጣለች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ፣ ቀኝ እጇ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ ሥር በቀጫጭን እንጨት ተደግፎ በጨርቅ የተጠፈነገ። ከጥቂት ቀናት በፊት ግሪሳ ስትጠብቅ የማማው መሰላል ተሰብሮ ወድቃለች። ከሥሩ ድንጋይ ነበር፤ ክንዷ እሱ ላይ አረፈ።

"አሰላሙ አለይኩም። ራጁ እዚህ ነው አሉኝ" አሉ ሽማግሌው።

"አባቴ፣ ይሄ እንኳ ሰው የሚያይ ራጅ አይደለም" አልኳቸው።

"ታዲያ ምን ያያል?"

"ድንጋይ። አፈር።"

አያ ይማም ሣጥኑን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እንደገና ሣጥኑን አዩ። "ለድንጋይ ራጅ መጣለት፤ ለልጄ ግን የለም?"

የሚችሉትን ሁሉ ጠየቁኝ። "ክፈቺና እጇን አስገቢበት" አሉ። የሚመረመረው ዱቄት ተጨምቆ የሚገባበት ቦታ ከስኒ አይበልጥም አልኳቸው፤ የሰው እጅ አይገባበትም፣ ጨረሩም ለሰው አይሆንም። እጇን ባሰረላት ወጌሻ አልተማረሩም፤ ብዙ ሰው የጠገነ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው አሉ። ብቻ አጥንቱ ገጥሞ እንደሆነ ውስጡን የሚያይላቸው ፈለጉ። ሆስፒታል እንዳልላቸው ቀድመው፣ "ሆስፒታል አልወስዳትም። ወንድሜ በሁለት እግሩ ገብቶ በክራንች ወጣ" አሉ። ከዚያ ደስ የሚል ነገር እንደሚነግሩኝ ሁሉ፣ "ደግሞ ተሽሏታል። ከትናንት ጀምሮ አያማትም" አሉ።

ይህን ሲሉ ነው ጣቶቿን ያየሁት። አብጠዋል፤ ጥፍሮቿ ሥር ጠቁሯል። ጋሪው ላይ ወጥቼ ትንሿን ጣቷን ያዝኳት። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ነበረች። ጫን አድርጌ ቆነጠጥኳት።

"ይሰማሻል?"

"ምኑ?" አለች ዘሀራ።

ሐኪም አይደለሁም። ግን ሲያም የነበረ ነገር ሳይድን ማመሙን ሲተው ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ጋሼ ደርቤም ጣቶቿን አይቷል። ክንዴን ይዞ ወደ መኪናዋ ጀርባ ወሰደኝ።

"ስሚኝ። እጇን ሣጥኑ ላይ አስደግፊና ትንሽ ቆይተሽ፣ 'መሣሪያው አይቷል፤ ዛሬውኑ ወልዲያ ውሰዷት ብሏል' በያቸው። ያምኑሻል" አለኝ በሹክሹክታ።

አሰብኩበት። ውሸት አልናገርም ያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ልናገረው ነበር። ግን ስንዞር አያ ይማም ከኋላችን ቆመዋል።

"እንደ ሕፃን አታታሉኝ" አሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም። "እውነቱን ንገሩኝ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ እችለዋለሁ።"

"እንግዲያውስ እጇ እየሞተ ነው" አልኳቸው። "ማሰሪያው ደሟን ይዞታል። የታሰረው ሳይፈታ ካደረ ያን ጊዜ መቁረጥ ይመጣል። እርስዎ የፈሩት እንዳይሆን ነው መሄድ ያለባት።"

ዘሀራ ከጋሪው ላይ ሆና፣ "አባ፣ እጄ የእኔ አይመስለኝም" አለች። ጮክ ብላ አይደለም የተናገረችው፤ ግን ሻይ ቤቱ በር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማት።

አያ ይማም መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ። "እኔ የሐኪም ነገር አልገባም። ፈርም ይሉኛል፣ እፈርማለሁ፤ ማታ እጇን በጨርቅ ጠቅልለው ይሰጡኛል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሴትም ነሽ። አብረሻት ሂጂ። 'አትቁረጡ' በያቸው።"

"ሣጥኑን ጥዬ መሄድ አልችልም አባቴ። አደራ ነው።"

"እኔስ የምሰጥሽ ምን መሰለሽ?" አሉ። "አንቺ የእኔን ያዥልኝ፤ እኔ ያንቺን እይዝልሻለሁ።"

ጋሼ ደርቤ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል፤ እግሩ ብቻ ይታያል። ለአለቃዬ ስልክ ልደውል ብል መልሱን አውቀዋለሁ። ስለዚህ አልደወልኩም። ሣጥኑ ሲወርድ እንዳያዘነብል፣ እንዳይመታ፣ ፀሐይ ላይ እንዳይቆም ነገርኳቸው። "አብሽሪ" አሉኝ አያ ይማም፣ "እንደ አራስ እንይዘዋለን።" ወሎ ይህን ቃል ለሐዘንም ለጭንቅም ይለዋል፤ ያን ቀን ማን ማንን ማጽናናት እንደነበረበት ግን እንጃ።

ከአላማጣ የመጣ ሚኒባስ አስቁመን ተሳፈርን። ዘሀራ በመስኮት በኩል ተቀመጠች፤ የታሰረውን እጇን፣ ራሴ ልፈታው ሳልደፍር፣ ጭኔ ላይ አሳረፍኩላት። ከባድ ነበር። ጎብዬ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ሎሚና ፓፓያ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ምንም አትፈልግም፤ ውኃ ብቻ ጠጣች። ባሏ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ወደ አፋር ወርዶ እንደነበር፣ እናቷ በልጅነቷ እንደሞተች የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስለ እጇ ማውራት አልፈለገችም። የጠየቀችኝ ስለ ሣጥኑ ነው።

"ድንጋዩን እንዴት ያየዋል? ይሰብረዋል?"

"አይሰብረውም። ጨረሩ ያርፍበታል፤ ከዚያ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ነገር የራሱን ብርሃን መልሶ ይሰጣል። ብረት የብረትን፣ ዚንክ የዚንክን። መሣሪያው ብርሃኑን ለይቶ ያነባል።"

ጥቂት አሰበች። "ማሽላው ውስጥ ወፍ ሲገባ አላየውም፤ ዝቅ ብሎ ነው የሚበላው። ወንጭፉን ሳስጮኽ ግን ይንጫጫል። በጩኸቱ ግሪሳ ይሁን ርግብ አውቀዋለሁ።"

"እንደዚያው ነው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ለስንት ተማሪ አስረድቻለሁ፤ ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ወልዲያ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። የተቀበለን ሐኪም ወጣት፣ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ሰው ነው። ማሰሪያውን በመቀስ ሲቀድደው ነርሷ ፊቷን አዞረች። ሐኪሙ ግን አልተቆጣም፣ አልሰደበንም። "ምኗ ነሽ?" አለኝ።

"እህቷ።"

ስሟን፣ የአባቷን ስም ጠየቀኝ። የአባቷን ስም ስነግረው የእኔንም አባት ስም ጠየቀኝ፤ አንድ አለመሆኑን ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። "አባቷ እንዳይቆረጥ ብለዋል" አልኩት። "እኔም መቁረጥ አልፈልግም" አለ። "ግን ቃል አልገባም።"

የራጁ ፊልም ሲመጣ መስኮቱ ላይ አንሥቶ አየው፤ እኔም ከጀርባው ሆኜ አየሁ። ኤክስሬይ የተማርኩ፣ በስሌቱ የተፈተንኩ፣ መሣሪያውን ከአዲስ አበባ ጀምሬ አጅቤ የመጣሁ ሰው ነኝ። የሰው አጥንት በፊልም ላይ ሳይ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለቱ የክንድ አጥንቶች እንደ ሸምበቆ ተሰብረው አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበዋል። ያ ሁሉ ከአንድ ቀጭን ክንድ ውስጥ ነው። እሷ ይህን ተሸክማ ጋሪ ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

ኦፕሬሽን ክፍል አስገቧት። ቆዳዋን ሰንጥቀው እብጠቱን አስተነፈሱት፤ አጥንቱን መለሱት። ስትወጣ መሽቷል። አጠገቧ ወንበር ላይ አደርኩ። ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ እየተጫነ አየ። አውራ ጣቷን እንድታንቀሳቅስ አዘዛት፤ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ትንሿን ጣት ቆነጠጣት፤ ዘሀራ ጮኸች። ሐኪሙ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "አሁን አመማት" አለኝ፣ "ጥሩ ነው።" ነርሷ "እኔ አለሁላት" ስላለችኝ ዘሀራን ተሰናብቼ ወደ ሮቢት ተመለስኩ።

ከሚኒባሱ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት የተሰበሰበ ሕዝብ ነው። ሣጥኑ ወርዷል። ከሥሩ የማሽላ አገዳ ተነጥፎለት፣ ከላዩ ዳስ ተሠርቶለት፣ አያ ይማም አጠገቡ ተቀምጠዋል። ሌሊቱን እዚያው ጋቢያቸውን ለብሰው አድረዋል። ከሩቅ የመጡ ሰዎች ጥርሳቸውን፣ ወገባቸውን፣ ጨጓራቸውን ሊያሳዩ ተሰልፈው እሳቸው አንድ በአንድ ይመልሷቸው ነበር። "ይሄ የድንጋይ ራጅ ነው። ሰው አያይም። ሰው የሚያየው ወልዲያ ነው።" ይህን የሰሙት ሰዎች ታዲያ ዝም ብለው አልተመለሱም። ሄደው ድንጋያቸውን አመጡ። የሚያብረቀርቀውን፣ ከባዱን፣ አረንጓዴውን፣ ከወንዝ የተለቀመውን፣ አያት ከሣጥን ሥር አኑሮት የሞተውን። ዳሱ ሥር የድንጋይ ገበያ ቆሟል።

አያ ይማም ሲያዩኝ ተነሡ። ፊቴን አዩ።

"እጇ አለ። ዛሬ ጠዋት አመማት" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ከዚያ የሣጥኑን ጎን ዞሬ አየሁ። ነጯ ምልክት ቀይ ሆናለች። ጋሼ ደርቤ ሲያወርዱት እንቁላል እንደያዙ ሆነው እንዳወረዱት ማለ። ባሌስትራው ሲሰበር ይሆናል፣ ሲወርድ ይሆናል፤ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አያ ይማም ወልዲያ ለመሄድ ሚኒባስ ሲጠብቁ ከሽርጣቸው እጥፋት ውስጥ ቡጢ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አወጡ። "ይሄ ነው የሰበራት" አሉኝ። ከማሳቸው አስመጥተውታል። ሰው ቦታውን ጅን አለበት፣ ማማውን አንሣው፣ ያን የማሳ ጥግ አትረሰው ይላቸዋል። "ራጁ ሥራ ሲጀምር ውስጡን እይልኝ። ከሌላው ድንጋይ የተለየ ነገር አለው?"

ድንጋዩን ተቀበልኳቸው። ከሌሎቹ ሰዎች ድንጋይም ጥቂት ጥቂት እየሰበርኩ ያዝኩ፤ የሁሉን መያዝ አልቻልኩም፣ ያዘነም ነበር።

መቀሌ ስንደርስ አለቃዬ ቀዩን ምልክት ጠቁሞ፣ "የት ነበርሽ?" አለኝ። ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ "ሰው ማዳንሽ ጥሩ ነው። ዕቃው ከተሰበረ ግን ለማን እናገራለሁ?" አለ። አልተሰበረም ነበር። ተከላው አልቆ መጀመሪያ ሲበራ ሁላችንም ከብበነው ቆመን ነበር፤ ሠራ። ይሁንና በመሣሪያው ላይ ለመሠልጠን ውጭ አገር የሚሄደው ሰው ሲመረጥ፣ መጀመሪያ የታሰብኩት እኔ ቀርቼ ሌላ ባልደረባዬ ሄደ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከመመሪያ መጽሐፉ ተማርኩ። የሠለጠነው ልጅ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሥራ አግኝቶ ወጣ፤ መሣሪያው ከእኔ ጋር ቀረ፤ ለብዙ ዓመታት አብረን ሠራን።

የአያ ይማምን ድንጋይ የፈጨሁት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ሲሊከን፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ታይታኒየም፤ ከዚያ በጣም በጥቂቱ ስትሮንቲየም፣ ዚርኮኒየም፣ ዚንክ። ባዛልት ነው፤ ያ አገር በሙሉ የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህ ዝርዝር ለሽማግሌው ምንም አይነግራቸውም ነበር። ግን የሌሎቹ ሰዎች ድንጋዮች አሉኝ። ጥቁር ጥቁሮቹን ለይቼ፣ ፈጭቼ፣ ጎን ለጎን አየኋቸው። አንድ ናቸው። ጅን ስለመኖር አለመኖሩ መሣሪያው የሚለው ነገር የለም፤ እኔም አላልኩም። ጋሼ ደርቤ በዚያ መንገድ ሲመለስ፣ "ድንጋዩ ከጎረቤት ማሳ ድንጋይ በምንም አልተለየም በልልኝ" አልኩት።

ሲመለስ መልስ ይዞልኝ መጣ። አያ ይማም መልእክቱን ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰምተው፣ "ድንጋዩ እንደማንኛውም ድንጋይ ከሆነማ፣ የበሰበሰው መሰላሉ ነው" አሉ አለኝ። አዲስ መሰላል ሠርተው ማማውን እዚያው አቆሙት። ያን ጥግ ዘሩበት።

ዘሀራን አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻታለሁ። ከዓመታት በኋላ በሥራ መኪና ሳልፍ ሮቢት ላይ አስቁሜ ጠየቅሁ። ልጅ አዝላ መጣች። እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም። "ወንጭፉን በግራዬ ለመድኩት" አለች። አያ ይማም በዚያ ዓመት ክረምት ሞተዋል። አላህ ይዘንላቸው አልኩ፤ እሷም አሚን አለች። ከዚያ፣ "ያን ቀን ከእኔ ጋር ያልመጣው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"ሐኪሞቹን ስለማይረዱ ነው ብለውኛል።"

"ፈርቶ ነው" አለች። "እጄ ሲቆረጥ ማየት አልችልም ብሎ። ሣጥን ጠባቂ መሆን ቀለለው። እስኪሞት ድረስ ያፍርበት ነበር። እኔ ግን አልተቀየምኩትም፤ ካንቺ ጋር መሄዴ ደግ ሆነ። እሱ ቢኖር አለቅስ ነበር።"

ሳቅን። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ፤ መሄድ ነበረብኝ። ልጇን ሳምኩት፣ እሷም ማሽላ እሸት በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ በዚያው ተለያየን።

ከዚያ በኋላ ያ አገር ብዙ አየ። ጦርነት ሄደበት መጣበት፤ በሬዲዮ ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ ሲባል ሥራዬን አቁሜ አዳምጥ ነበር፤ የዘሀራን ስም የሚጠራ ይመስል። ስልክ ቁጥሯን አልያዝኩም፤ ያኔ እኔም ሞባይል አልነበረኝም፣ እሷም አልነበራትም። ጋሼ ደርቤ አርፏል። ፈልጌ ላገኛት እችል እንደነበር አውቃለሁ፤ ሰው ጠይቆ ሰው አያጣም። አልፈለግኋትም። ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ስንፍና ብቻ አይደለም።

ዕድሜ ሲገፋ ሰው የወዳጆቹን ብዛት ይቆጥራል፤ ማን ቀረ፣ ማን ሄደ እያለ። እኔ ሐሳቤ ወደማላውቃቸው ሰዎች ያመራል። ሽማግሌው ከሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም ነበር፤ እኔም ልጃቸው ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ያልገባንን ነገር ተቀብለን፣ ጠብቀን፣ መለስን። ከዚያ የበለጠ ዝምድና ይኑር ብዬ ለመጨመር ብሞክር የማበላሸው ይመስለኛል። ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው አብሮን እንዲሄድ አልተጻፈም። አንዳንዱ ከሮቢት እስከ ወልዲያ ብቻ ነው።